መድኃኒት የሌለው መርፌ

በወላይታ ‹‹ወገቤን›› የማይል አያት ያለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ዕድሜ ልካቸውን በመቆፈሪያ መሬት ሲገለብጡ የኖሩ አባቶችም ሆኑ እንሰት ሲፍቁ፣ ውኃና እንጨት ተሸክመው ዳገት ሲወጡ ያረጁ እናቶች በስተርጅና ወገብና ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አንዱ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፤ ሌላው ዋግምት ያስደርጋል፤ ሌላው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዛ ይውጣል። አዲስ አበባ የሚኖሩ ልጆችም ‹‹ቻይኖቹ በመርፌ ያክማሉ አሉ፤ ለምን አትመጡም?›› ሲሉ ይሰማል። ለመሆኑ ይህ ሕክምና ምንድን ነው? የሶዶን አያት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ማስኬድስ ያዋጣል?

ከየት መጣ?

አኩፓንክቸር የሚባለው ይህ ሕክምና በቻይና ከ2,000 ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ወደ እኛ ያቀረቡት የቻይና ሐኪሞች ናቸው። ከሄናን ግዛት የሚላኩ የሕክምና ቡድኖች ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሲያገለግሉ ቆይተዋል። በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ በቻይና ዕርዳታ በተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከሚሰጧቸው አገልግሎቶች አንዱም አኩፓንክቸር ነው።

እንዴት ይሠራል?

መርፌው በጤና ጣቢያ ከምናውቀው ይለያል። ውስጡ ክፍት አይደለም፤ መድኃኒትም አይጨመርበትም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ሲገባ ብዙም አያምም። ባለሙያው የተመረጡ ቦታዎች ላይ ጥቂት መርፌዎች ሰክቶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያቆያቸዋል። በዚህ ጊዜ ታካሚው የመደንዘዝ ወይም የመክበድ ስሜት ሊሰማው ይችላል። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ‹‹ቺ›› የሚባል የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ በመስመሮች እንደሚፈስ፣ መርፌውም የታገደውን እንደሚከፍት ያስተምራል። ዘመናዊ ተመራማሪዎች በበኩላቸው መርፌው ነርቮችን ሲቀሰቅስ ሰውነት የራሱን ሕመም ማስታገሻ ንጥረ ነገሮች እንደሚያመነጭ ይናገራሉ።

ምን ያህል ይረዳል?

በጀርመን ከ1,100 በላይ የወገብ ሕመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አስገራሚ ውጤት አሳይቷል። በመርፌ ከታከሙት መካከል ግማሽ የሚጠጉት ሲሻላቸው፣ በተለመደው ሕክምና የተሻላቸው ግን ከሦስት አንድ እንኳ አልሞሉም። ይሁን እንጂ መርፌው ሆን ተብሎ ከትክክለኛው ቦታ ውጭ የተሰካላቸውም ከሞላ ጎደል እኩል ተሽሏቸዋል። ስለዚህ የቦታው ምርጫ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከሚመከሩ አማራጮች አንዱ አድርጎታል። ስኳርን፣ ደም ግፊትን ወይም ካንሰርን ያድናል የሚል ካጋጠማችሁ ግን አትመኑት፤ የታዘዘ መድኃኒትም ለመርፌው ሲባል አይቋረጥም።

መጀመሪያ ምርመራ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። መርፌው ሕመሙን ያስታግስ ይሆናል እንጂ መነሻውን አይነግረንም። በአገራችን የወገብ ሕመም ከሥራ ብዛት ብቻ አይመጣም፤ የአከርካሪ ቲቢም አለ። ይህ በሽታ ሕፃናትንም ያጠቃል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ግን ጀርባን ሊያጎብጥ፣ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ከወገብ ሕመም ጋር የማታ ትኩሳትና ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የጀርባ መጉበጥ ከታየ ቀጠሮው ከሐኪም ጋር ይሁን። እግር ከዛለ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ ማደር አያስፈልግም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል መድረስ ነው። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አይጠይቅም፤ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው።

ከመወጋት በፊት

ሐኪሙ አይቶ ‹‹ችግር የለውም፣ ሞክሩት›› ካለ፣ ቤተሰቡ እነዚህን ያረጋግጥ፦

• መርፌው አዲስ ነው? ማሸጊያው ፊታችሁ ይቀደድ፤ ተጠቅሞ የሚጣል ይሁን። በተደጋጋሚ የሚሠራበት መርፌ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል።

• ባለሙያው ፈቃድ አለው? ደረት ላይ ጠልቆ የገባ መርፌ ሳንባ ሊበሳ ይችላል።

• ታካሚዋ ነፍሰ ጡር ናት? ታካሚው ደም ማቅጠኛ ይወስዳል? አስቀድሞ ይነገር።

• ስንት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል? ክፍያውስ በድምሩ ስንት ይሆናል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለሶዶ ሰው ከሁሉም ይከብዳል። ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት ደጋግሞ መምጣትን ይፈልጋል። ልጅ ቤት ተቀምጦ መታከም ለሚችል አያት ሊያዋጣ ይችላል። በየሳምንቱ ከሶዶ ለሚመላለስ ግን የመንገዱ እንግልት ራሱ ወገብ ይሰብራል። ለእንዲህ ያለው ሰው በአካባቢው ከሚገኝ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚሰጠውን እንቅስቃሴ በየዕለቱ መሥራት ይሻለዋል። ጀሪካኑንና የእንጨት ሸክሙን ከአያት ጀርባ ማውረድ ደግሞ የልጆችና የልጅ ልጆች ድርሻ ነው።