ስካር ኃጢአት ነው ወይስ ደዌ?

ዛሬ ጥር 11 ቀን በዓለ ጥምቀትን እናከብራለን። ነገ ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው። አበው እንደሚያስተምሩት ተአምሩ የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማስማማት ከጥምቀት ማግሥት እንዲከበር ሆኗል። ጌታችን በሰርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን አደረገ፤ ወይን ያለቀባቸውን የባለሰርጎቹንም ኀፍረት ሸፈነ (ዮሐ. 2፥1-11)። ቤቱ በጠላና በጠጅ በሚሞላበት በዚህ ሰሞን ብዙው ምእመን ተደስቶ ይውላል። መጠጥ የሠለጠነበት አባት ወይም ወንድም ያለበትን ቤተሰብ ግን ከደስታው ሥጋቱ ይቀድመዋል። «ይህ ሰው ኃጢአተኛ ነው ወይስ በሽተኛ?» የሚለው ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ቤት ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን መጠጥን በባሕርዩ ርኩስ ነው አትልም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ይኸው ሐዋርያ ግን ሰካሮችን የእግዚአብሔርን መንግሥት ከማይወርሱት ወገን ይቆጥራቸዋል (1ኛ ቆሮ. 6፥10)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም እ.ኤ.አ. በ387 በአንጾኪያ ባሰማው ስብከት ጥፋቱ የወይኑ ሳይሆን ልክ ያጣው ሰው መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ ስካር ኃጢአት መሆኑ አያከራክርም።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ብቻ አያበቃም። ጠቢቡ ሰሎሞን ቢመቱት የማይታወቀውን፣ ሲነቃም ያንኑ የጎዳውን መጠጥ መልሶ የሚሻውን ሰው ያሳየናል (ምሳ. 23፥29-35)። የዚህ ሰው ፈቃዱ ታስሯል። የመጀመሪያው ጽዋ በፈቃድ ይነሣል፤ መቶኛው ግን ሰውየውን በሰንሰለት ይጎትተዋል። ሐኪሞችም ያዩት ይህንኑ ነው። አልኮል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአእምሮን አሠራር ስለሚለውጥ፣ ሰውነት ያለ እርሱ መረጋጋት ይሳነዋል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1956 የመጠጥ ሱሰኞች እንደማንኛውም ሕሙም በሆስፒታል ተቀባይነት እንዲያገኙ አሳስቧል።

ታዲያ ኃጢአት ነው ወይስ ደዌ? በአበው ትምህርት ሁለቱ አይጣሉም። ኃጢአት የነፍስ ቁስል ነው፤ ንስሐ መድኃኒት፣ ቤተ ክርስቲያንም የቁስለኞች መጠለያ ናት። ደጉ ሳምራዊ ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው (ሉቃ. 10፥34)። ማደሪያዋ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ሊቃውንት ይተረጕማሉ። ሳምራዊው ቁስለኛውን በዚያ መንገድ ስለ ምን እንደመጣ አልመረመረውም። ደዌ ነው ማለት ግን ሰውየውን ከኃላፊነት አያወጣውም፤ ሐኪሙን የመሻት፣ የበደላቸውን ሚስትና ልጆችም ይቅርታ የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

በየቤታችን የተለመደው መፍትሔ ሰውየውን በንስሐ አባቱ ፊት ማስገዘት ነው። በግዝቱ የጸኑ አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ባገለገለበት አንድ ደብር፣ ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ ኖሮ በአንድ ቀን የተገዘተ ጎልማሳ በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና በሌለ ነገር ሲሸበር ተመልክቷል። ቤተሰቡ ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ወደ ጸበል ሊወስደው ሲነሣ፣ የንስሐ አባቱ ጸበሉ እንደሚደርስ ነግረው አስቀድመው ሐኪም ቤት እንዲያደርሱት አዘዙ። ያ ምክር ሕይወቱን አተረፈ። አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜም ሊቃዥ ይችላል፤ ካልታከመ ለሞት ያሰጋዋል። ስለዚህ ማቋረጡ በሐኪም ክትትል ይሁን። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ያክማል። ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በሰጡት ምክር አስገንዝበዋል።

ፈውሱ በአንድ ጀምበር አይፈጸምም። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም አስቀድሞ ወንበዴ፣ በመብልና በመጠጥም ልክ የሌለው ሰው ነበር። ከመነኰሰ በኋላ የቀድሞ ልማዱ ሲዋጋው ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ እየተመላለሰ ይናዘዝ ነበር፤ መምህሩም አልሰለቹትም። ዛሬ ግን ግዝቱን ያፈረሰ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከንስሐ አባቱ ይሸሻል። መሸሽ የሚገባው ከጽዋው እንጂ ከካህኑ አልነበረም።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። እንግዳን «በሞቴ» እያሉ ማስጠጣት ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው፤ ለመዳን ለሚታገል ሰው ግን «በሞቴ» ተብሎ የተሰጠው ጽዋ የራሱ ሞት ሊሆን ይችላል። የጽዋ ማኅበርም ክብሩ በሚታሰበው ቅዱስና በጸሎቱ እንጂ በጠላው ብዛት አይለካም። ነገ ማዕድ ስናቀርብ ዕለቱን የተበረዘ ብርዝ ወይም ሻይ ከጠጁ ጎን ይቀመጥ፤ አልጠጣም ያለውም ለምን ተብሎ አይጠየቅ።

በቃና እመቤታችን የዚያን ቤት ጉድለት አይታ ለልጇ ነገረችው እንጂ በታዳሚው ፊት አላወጣችውም። እኛም የቤታችንን ጉድለት ለእርሱ በጸሎት፣ ለካህኑ በንስሐ፣ ለሐኪሙም በግልጽ እንንገር፤ የጎረቤት መሳለቂያ ግን አናድርገው። በዓሉን የሰላምና የጤና ያድርግልን።