ከሪያድ በታች ያለው ውኃ

ሪያድ ዝናብ እምብዛም የማይጎበኛት የበረሃ ከተማ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ በዚህች ደረቅ ከተማ የአንዳንዱ ቤት ምድር ቤት ለምን ውኃ ይቋጥራል? ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በሚያልፈው በዋዲ ሐኒፋስ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰው ውኃ ከየት የመጣ ነው? መልሱ በየዕለቱ ከምትከፍቱት ቧንቧ ጋር ስለሚያያዝ፣ ነገሩን መረዳቱ ለራሳችሁም ጤንነት ይጠቅማል።

ዋዲ ሐኒፋ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሸለቆ ነው። ከሪያድ ሰሜን ምዕራብ ከጡወይቅ ከፍታዎች ተነሥቶ፣ በጥንታዊቷ ድርዒያ አልፎ፣ በስተ ደቡብ ወዳለው አል ሓኢር ይወርዳል። በቀድሞው ዘመን ውኃ የሚወርድበት በዝናብ ጊዜ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ጎርፍ ያመጣው ጠጠርና ደለል ውኃውን ውስጥ ለውስጥ ይዞ ያቆየው ስለ ነበር፣ ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው ይጠጡ፣ ተምርም ያለሙ ነበር።

ከተማዋ ስታድግ ይህ ውኃ አልበቃም። በመሆኑም ከ1,200 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ምንጁር ከሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ውኃ መሳብ ተጀመረ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ጨው የተወገደለት የባሕር ውኃ ከምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ከጁበይል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ይመጣል። ዛሬ ሰባት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚጠቀምበት ይህ ሁሉ ውኃ፣ ከተጠቀሙበት በኋላ አንድ ቦታ መድረስ አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሪያድ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩ በላይኛው ክፍል ስንጥቅና ውኃ ያሟሟው ክፍተት አለው፤ ከሥሩ ግን ውኃ በቀላሉ የማያሳልፍ ንብርብር ይገኛል። ስለዚህ ከሚያፈስ ቧንቧ፣ ከአትክልት ውኃና አረቦቹ በያራ ከሚሉት የፍሳሽ ጉድጓድ የሰረገው ሁሉ ጥቂት ወርዶ ይቆማል፤ ከዚያም እየተጠራቀመ ወደ ላይ ይነሣል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዙ ሰፈሮች የታየውም ይኸው ነው። ውኃው ከአለቱ ጨውና ሰልፌት ስለሚወስድ የቤት መሠረት ሲሚንቶን ሳይቀር ይበላል። በአንጻሩ ጥልቁ ምንጁር፣ የላይኛው ውኃ ስለማይደርሰው፣ በብዛት በተሳበ ቁጥር እየጎደለ ሄደ። ከላይ ይሞላል፣ ከታች ይጎድላል ማለት ነው።

ከከተማዋ ሥር የሚቀዳው ውኃና ከማጣሪያ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ዋዲ ሐኒፋ ይለቀቃል። ሸለቆው ደግሞ ለግንባታ ጠጠሩ ተዝቆ፣ በምትኩ ቆሻሻና የፍርስራሽ ክምር ተጥሎበት ተበላሽቶ ነበር። የሪያድ ልማት ባለሥልጣን በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክምሩን አስነሥቶ፣ የጎርፉን መውረጃ አስተካክሎ፣ ዛፍ አስተከለ። ውኃውን ለማጽዳትም በድንጋይ የተሠሩ ዝቅተኛ ግድቦችና ኩሬዎች ተዘጋጁ። ውኃው በድንጋዩ ላይ ሲንሸራተትና አየር ሲነፋበት ኦክስጅን ያገኛል፤ በድንጋዩ ላይ የሚያድጉ ጥቃቅን ሕዋሳት ቆሻሻውን ይመገባሉ፤ አልጌውንም ዓሦች ይበሉታል። ሥራው በ2010 (እ.ኤ.አ.) የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ሆኖም የጸዳው ውኃ ለመስኖ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። በዕረፍት ቀን ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ አትጠጡት፣ ሕፃናትንም አታስነክሩበት፤ ዝናብ ሲያስገመግም ደግሞ ከሸለቆው ቶሎ ውጡ።

ይህ ከእናንተ ሥራ ጋር የሚገናኘው በግቢው ውስጥ ነው። በብዙ ቪላዎች የውኃ ማጠራቀሚያው ኸዛን ከመሬት በታች ነው፤ በያራ ያለበት ቤት ሁለቱ ሊቀራረቡ ይችላሉ። ኸዛኑ ከተሰነጠቀ፣ በዙሪያው ያለው የተበከለ ውኃ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የቧንቧው ውኃ ሽታው፣ ቀለሙ ወይም ጣዕሙ ከተለወጠ አትጠጡት፣ ለምግብም አታድርጉት፤ ለማዳም ወዲያው ንገሩ። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውንና ኬሚካልን አያስወግድም። ጠርቶ የሚታይ ውኃም ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ኸዛን ወይም በያራ ውስጥ ገብታችሁ እንድታጸዱ ብትታዘዙ አትግቡ። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ አየር ያንሳል። በፍሳሽ ጉድጓድ ያለው ጋዝ በጥቂቱ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛልና፣ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። በኸዛን ውስጥ ክሎሮክስ መጠቀምም ትንፋሽ ያሳጣል፤ ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሥራው መሣሪያ ያላቸው ሰዎች የሚሠሩት ነው። «ማፊ ሐዋ፣ ኸጠር» (አየር የለም፣ አደጋ ነው) ብላችሁ በአክብሮት አስረዱ።

ሌላ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅም ተከትላችሁ አትውረዱ። እርሱን ለማውጣት የገባው ሰው ሁለተኛ ሟች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጩኹ፣ ሰው ጥሩ፤ በሪያድ ወደ 911 ደውሉ። ውጭ የቆመ ሰው ነው እርዳታ ሊያመጣ የሚችለው።