የአዋላጇ መድን የሚፈተነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው?

ስለ አዋላጆች የሙያ ኃላፊነት መድን ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ አረቦኑ ውድነት ያመራል። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ በአዋላጇ ስህተት እናት ወይም ሕፃን ቢጎዳ የጠበቃውንም የካሣውንም ወጪ መድን ሰጪው ይችላል። በእንግሊዝ አገር በመንግሥት ሆስፒታል የተቀጠረችውን አሠሪዋ ይሸፍንላታል። በግሏ የምታዋልደው ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ተገቢ ሽፋን ከሌላት በሙያው መዝገብ ላይ መቆየት አትችልም።

መድኑን የገዙት ሳይቀሩ የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። «ሕፃኑ በተወለደበት ቀን መድን ነበረኝ» ብለው እፎይ ይላሉ። ብዙዎቹ የሙያ ኃላፊነት ውሎች ግን የሚመለከቱት ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ሳይሆን የካሣ ጥያቄው የቀረበበትን ነው። በ2015 ያዋለደች፣ በ2018 ጡረታ ወጥታ አረቦን መክፈል ያቆመች አዋላጅ በ2024 ብትከሰስ፣ ያ የድሮ ውል ምንም አያደርግላትም። ከሥራ ለሚወጡ የሚሸጠው የኋላ ሽፋን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ብዙዎች ግን እንደ ትርፍ ወጪ ቆጥረው ይተዉታል። በወሊድ ሥራ ደግሞ ክስ ቶሎ አይመጣም። በምጥ ጊዜ ኦክስጅን ያጠረው አንጎል ምን ያህል እንደተጎዳ የሚለየው ልጁ መቀመጥ፣ መሄድና መናገር ሲዘገይ ነው። በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ ለማቅረብ የተሰጠው ጊዜ (ይርጋ) ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በእንግሊዝ ግን የልጅ ይርጋ መቆጠር የሚጀምረው 18 ዓመት ሲሞላው ነው፤ 3 ዓመት ሲጨመር 21 ይደርሳል። ጉዳቱ ራሱን ችሎ እንዳይወስን ካደረገው ደግሞ ይርጋው ጨርሶ ላይቆጠር ይችላል። ስለዚህ የሽፋኑ ዕድሜ መለካት ያለበት በአዋላጇ የሥራ ዘመን ሳይሆን በልጁ ዕድሜ ነው። አውስትራሊያ ይህን ተረድታለች፤ ኤች አይ ኤች የተባለው መድን ድርጅት በ2001 ከከሰረ በኋላ የግል አዋላጆች ያለ መድን ቀርተው ነበር። በ2010 መንግሥት የደገፈው መድን ሲጀመር፣ በቤት የሚደረገውን ምጥ ከሽፋኑ ውጭ ቢተውም፣ ሥራ ላቆሙት የኋላውን ሽፋን አካትቷል።

«ጠንቃቃ አዋላጅ መድን ምን ያደርግላታል?» የሚል አይጠፋም። ጥንቃቄዋን ከ15 ዓመት በኋላ ማስረዳት ይጠበቅባታላ! ያኔ የሚመሰክርላት መዝገቧ ብቻ ነው። የእንግሊዝ መመሪያ የፅንሱ የልብ ምት በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ በየ15 ደቂቃው፣ በሁለተኛው በየ5 ደቂቃው፣ የምጥ ቁርጠቱ እንዳለፈ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ እንዲደመጥ ያዛል። «የልብ ምት ደህና» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው፤ «8፡45፣ ከቁርጠቱ በኋላ፣ 132» የሚል መስመር ግን ጠበቃ ይዞት የሚቆም ማስረጃ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከኒውዚላንድ ነው። እዚያ ከ1974 ጀምሮ የአገሪቱ የአደጋ ካሣ ተቋም ጥፋተኛ ሳይፈለግ ተጎጂን ይደግፋል፤ በሕክምና ለተጎዳ ልጅም ቤተሰቡ ፍርድ ቤት መመላለስ አይጠበቅበትም። ሥርዓቱ የተሻለ መሆኑን አልክድም። የቆመው ግን መላው አገር በሚያዋጣው ገንዘብ ነው፤ እዚያም ቢሆን አዋላጇ አቤቱታ ሲቀርብባት የሚከራከርላት ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ተቋም በሌለበት አገር ቀንና ሌሊት አስታማሚ የሚያሻው ልጅ ካሣ የሚያገኘው በአብዛኛው ከመድኑ ነው። እናም ውል የምትፈርም አዋላጅ ስለ አረቦኑ ከመከራከሯ በፊት «ሥራ ካቆምኩ በኋላ የሚመጣውን ክስ ማን ይሸፍናል? እስከ መቼ?» ብላ ትጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ትቀበል።