የቡችላ አያያዝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ብዙ ገበሬዎች ቡችላን ዓይኑን እንደገለጠ ከእናቱ ሲለዩ አይተናል። ይህ ስሕተት ነው። 8 ሳምንት ሳይሞላው የተለየ ቡችላ ይከሳል፤ አድጎም ተናካሽ ሊሆን ይችላል። ቤት ከገባ በኋላ የሚከተሉትን መፈጸም ይገባል።

1. ደረቅ ገለባ የተነጠፈበት፣ ከብርድ የተከለለ ማደሪያ ይዘጋጅለት። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቢያለቅስ አይመታ።

2. በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይመገብ። ከብት ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት አይጣልለት፤ ይቀበር። ከዚህ የሚይዘው ትል በዓይነ ምድሩ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል።

3. 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጠው፤ በየዓመቱም ይደገምለት። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቡችላውን ያላስከተበ ገበሬ ልጆቹን ለአደጋ ያጋልጣል።