ታሞ የቀረ ሠራተኛ ደሞዙ ይቆረጣል ወይ?

ጠመንጃ ያዥ ካፌ ውስጥ የምታስተናግድ አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። ጠዋት 1 ሰዓት ገብታ ማታ 1 ሰዓት ትወጣለች፣ በሳምንት 6 ቀን። ማታ ላይ እግሯ ስለሚያብጥ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጥና እግሯን ሌላ ሳጥን ላይ ትሰቅላለች። ባለፈው ሰሞን አተኩሷት ሦስት ቀን ቀረች። ደሞዝ ሲደርስ የሦስት ቀኑ ተቆርጦ ጠበቃት።

"ለምን አልጠየቅሽም?" አልኳት።

"ጋሼን? እንዴት ብዬ? እናቴ የታመመች ጊዜ ብር የሰጡኝ እኮ እሳቸው ናቸው።"

ስለ ሠራተኛ ጤና ሲወራ ቶሎ የሚታየን ስፖርት ነው። በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ከተጀመረ ወዲህ ቲሸርት አሳትሞ ሠራተኛውን አስፋልት ላይ ማሯሯጥ ለብዙ መሥሪያ ቤት ደንብ ሆኗል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ቆማ የዋለችን ልጅ እሁድ ጠዋት ተነስተሽ ዝለዪ ብትሏት ትስቅባችኋለች። የእሷ ጤና ያለው የሥራ ሰዓቷ ላይ፣ እረፍቷ ላይና ሲያማት ያለ ፍርሃት መተኛት መቻሏ ላይ ነው። ይሄ ደግሞ ሕግ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ጉዳይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ይገድበዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም። እሱም ቢሆን አሠሪው ባሰኘው ጊዜ የሚያዘው አይደለም፤ አደጋ ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ወይም የቀረ ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ነው። በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። አሁን የልጅቷን ሰዓት ደምሩት፦ 72። ቆማ የምትጎርሰውን ምሳ አንድ ሰዓት ብለን ብንቀንስላት እንኳ 66 ይቀራል፣ ከትርፍ ሰዓቱ ጣሪያ ጭምር በላይ።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ ከፍ ያለ ነው።

ወደ ሕመሙ እንምጣ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራው ባልመጣ ሕመም ቢተኛ፣ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደሞዙ ይከፈለዋል። ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በ12 ወር ውስጥ በድምሩ እስከ 6 ወር ማለት ነው፣ በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ። ሕመሙ ወይም ጉዳቱ በሥራው ምክንያት የመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ የሕክምናው ወጪ ራሱ የአሠሪው ነው።

ታዲያ የልጅቷ ሦስት ቀን ለምን ተቆረጠ? እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ በቀሩ በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ። እሷ ጤና ጣቢያ አልሄደችም፣ ዳማከሴ ጠጥታ ቤቷ ተኛች። አሳውቃለች፤ ማስረጃ ግን የላትም። ስለዚህ በሦስቱ ቀን ብትከራከር እጇ ባዶ ነው። በሰዓቱ ግን አይደለም።

እኔ የገጠመኝ ደግሞ ግልባጩ ነው። ጋዜጠኝነቱን ሳልጀምር በተቀጠርኩበት ቤት ታይፎይድ ይዞኝ አምስት ቀን ተኛሁ። የሐኪም ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። "የቀረህባቸው ቀኖች ይቆረጣሉ" ሲሉኝ "እሺ" ብዬ ወጣሁ፤ ወረቀቱን እንኳ አላሳየሁም። ስምንት ወር የሠራሁ፣ የሙከራ ጊዜዬን ከጨረስኩ የቆየሁ ሰው ነበርኩ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

የካፌውን ባለቤት ክፉ ሰው አድርጌ ላቀርባቸው አልፈልግም። እሳቸውም ቆመው ነው የሚውሉት፣ ኪራዩም ቀላል አይደለም። የእኛ ሰፈር የሥራ ቤት እንደ ቤተሰብ ነው፤ አሠሪው ጋሼ ነው፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሲቸግር ያበድራል። ችግሩ ውለታው ሕጉን ይሸፍነዋል። ለእናት መታከሚያ የተሰጠ ብር የልጅን የሥራ ሰዓት አያሳጥርም። ደግሞም አዋጁ አንቀጽ 92 ላይ አሠሪው ሥራው በሠራተኛው አካል ላይም ሆነ በሥነ ልቦናው ላይ ጉዳት እንዳያደርስ እንዲጠነቀቅ ያስገድደዋል። አንድ ዱካ ከባንኮኒው ጀርባ ማስቀመጥ ስንት ይፈጃል?

(የቤት ሠራተኞች ከዚህ አዋጅ ውጭ መሆናቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። አስተናጋጇ ያላትን ያህል ሕግ እንኳ የላቸውም።)

ለልጅቷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ሲያማችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ማህተም ያለበት ወረቀት ያዙ፣ ከመስጠታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መቅረታችሁን በቃል ብቻ ሳይሆን በቴሌግራም ወይም በአጭር መልዕክት አሳውቁ፣ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። መጀመሪያ አሠሪያችሁን በአክብሮት አናግሩ፤ ካልሆነ የክፍለ ከተማው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ባለሙያዎች ሥራቸው ይሄው ነው።

ልጅቷ ደብተር ገዝታለች። ጋሼን ግን ከሰዓቱ በፊት ስለ ዱካው ነው የማናግራቸው ብላኛለች።