ከመሰረዙ በፊት ይከርከም

በስልካችን ውስጥ ካሉት የፎቶ ማስተካከያዎች ሁሉ እንደ ክሮፕ፣ እንደ መከርከሚያው፣ የተናቀ የለም። ፊልተሩ ይሞከራል፣ ፊት ማለስለሻው ይሞከራል፣ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፤ ፎቶው ግን እንደተነሳ ከነሽቦው፣ ከነፍሪጁ፣ ከነአላፊ አግዳሚው ይቀመጣል። እኔ ከማስተካከያዎቹ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ሌሎቹን ትቼ ክሮፕን ነው የምይዘው። ብርሃንና ቀለም ፎቶን ያሳምራሉ፤ ፎቶው ስለ ምን እንደሆነ የሚወስነው ግን በዳርና ዳሩ ምን ቀረ፣ ምን ወጣ የሚለው ነው።

አሠራሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጉግል ፎቶስም ሆነ ስናፕሲድ፣ ላይትሩምም ሆነ የስልኩ የራሱ ጋለሪ፣ «ኤዲት» ብሎ የክሮፑን ምልክት መንካትና ማዕዘኖቹን በጣት መጎተት ነው። የተጋደመ ፎቶ የሚቃናውም እዚያው ነው። ስታስቀምጡ ዋናው ቅጂ መኖሩን አረጋግጡ፤ በቃ።

ብዙ የሚያነጋግረው ሌላ ነገር ነው። «ጎበዝ ፎቶ አንሺ አይቆርጥም» የሚል እምነት አለ። ካሜራ የያዙ ወጣቶች ሲሉት አዘውትሬ እሰማለሁ፤ ክሮፕ ማድረግን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩም አሉ። ለዚህ እምነት ምስክር ተደርጎ የሚጠራው ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲየ ብሬሶን ነው። እውነትም ሰውዬው ፎቶው እንዲቆረጥበት አይፈልግም ነበር፤ ሙሉው መታተሙ እንዲታወቅ የኔጋቲቩ ጥቁር ጠርዝ ጭምር እንዲወጣ ያደርግ ነበር። ይሁንና ስሙ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳው ፎቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ውስጥ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳው፣ ውሃ ያቆረ መሬት ላይ የሚዘለው ሰው፣ ክሮፕ የተደረገ ነው። በአጥር ሳንቃዎች መሀል ባለች ክፍተት አሾልኮ ሲያነሳ ሳንቃው በግራ በኩል ጨልሞ ገብቶበት ነበር፤ ያ ተቆርጦ ወጣ። ዛሬ ፎቶውን የሚያይ ሰው ሳንቃው መኖሩን አያውቅም፤ የሚያየው ተረከዙ ውሃውን ሊነካ ጥቂት የቀረውን ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ ኩባዊው አልቤርቶ ኮርዳ ነው። በእኛም ከተማ ታክሲዎችና ቲሸርቶች ላይ ስናየው የኖርነው የቼ ጉቬራ ምስል የእሱ ሥራ ነው። ማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ውስጥ፣ ላ ኩብር በተባለችው መርከብ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ለሞቱት ሰዎች በተደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ አነሳው። ፎቶው እንደተነሳ ግን አግድም ነበር፤ በአንድ ወገን የሌላ ሰው ፊት ከጎኑ ይታያል፣ በሌላው ወገን የዘንባባ ቅጠል ተንጠልጥሏል። እንዲያ ሆኖ ሲታይ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ የቆመ አንድ እንግዳ ነው። ኮርዳ ሰውዬውንም ዘንባባውንም ቆርጦ አወጣና ቁመቱ የረዘመ ፎቶ አደረገው። ቦታውም ቀኑም ከፎቶው ወጡ፤ የቀሩት ሁለት ዓይኖች፣ ባለኮከቡ ቆብና ባዶ ሰማይ ናቸው። ያን ሰሞን ያነሳለት ጋዜጣ ሳያወጣው ቀርቶ ፎቶው ለዓመታት በኮርዳ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። በኋላ ዓለምን የዞረው ያው የተከረከመው ነው።

አሜሪካዊው አርኖልድ ኒውማንም እ.ኤ.አ. በ1946 ሙዚቀኛውን ስትራቪንስኪን ከፒያኖ ጋር ሲያነሳው፣ ሰውዬውን ጥግ ላይ አስቀምጦ የፒያኖውን ጥቁር ክዳን የፎቶው ጌታ ያደረገው በክሮፕ ጭምር ነው። ሙሉው ኔጋቲቭ ከምናውቀው ፎቶ ይሰፋል።

እነዚህ ሰዎች ማንሳት ስላልቻሉ አልቆረጡም። ፎቶ የሚነሳው በቅጽበት ነው፤ አንሺው የቆመበትን ቦታ ሁልጊዜ አይመርጥም፣ አጥር አለ፣ ሰው ይጋፋል፣ ጊዜ የለም። ካሜራው በችኮላ የያዘውን ዓይን በኋላ ተረጋግቶ ይመርጣል። ለእነሱ ያልነወረ ለእኛ የቤተሰብ ፎቶ እንዴት ነውር ይሆናል?

አንድ ፎቶ በቅርበት ላሳያችሁ። አንዲት ዘመዴ እናቷ ቡና ሲቀዱ ያነሳቻቸውን ላከችልኝና «አያምርም፣ ላጥፋው መሰለኝ» አለችኝ። ፎቶው አግድም ነው። በግራ ፍሪጅና ከሶኬቱ የተንጠለጠለ የቻርጀር ገመድ፣ በቀኝ ስልኩን የሚነካካ የአንድ ልጅ ጉልበት፤ እናትየው መሀል በርጩማ ላይ ናቸው። በመጀመሪያ የልጁን ጉልበት አወጣሁ። ቀጥሎ ፍሪጁ ከነገመዱ ሄደ። ይኼኔ ፎቶው በራሱ ጊዜ ወደ ቁመት ዞረ፤ ደግሞም የሚገባው ነበር፣ ቡናው ከጀበናው ወደ ሲኒው የሚወርደው ቁልቁል ነውና። ከራሳቸው በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳም ልቆርጥ ስል ከማጨሻው የሚነሳው የዕጣን ጭስ እዚያ ድረስ ወጥቶ ታየኝ፤ ተውኩት። ከታች ረከቦቱ ሙሉ እንዲታይ፣ ቄጤማውም ትንሽ እንዲቀር አደረግሁ። ብርሃኑን አልነካሁም፣ ቀለሙን አልነካሁም። አሁን ፎቶው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይናቸውን ከሲኒው ሳይነቅሉ ስለሚቀዱ እናት። ዘመዴ ስልክላት ሌላ ፎቶ መስሏት «ይሄን ደግሞ ማን አነሳው?» አለች።

ሲቆረጥ የሚጠበቁ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሰውን በመገጣጠሚያው ላይ አትቁረጡት፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና የእጅ አንጓ ላይ የሚያርፍ ጠርዝ ሰውዬውን አካለ ጎዶሎ ያስመስለዋል፣ ከጭኑ መሀል ወይም ከደረቱ ቢቆረጥ ግን ማንም አያስተውልም። ሰው ወደሚያይበት አቅጣጫ ቦታ ተዉለት። ስክሪኑ ላይ የሚመጡት ፎቶውን በሦስት በሦስት የሚከፍሉት መስመሮች ከሥዕል የመጡ ምክር ናቸው፤ እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው መጽሐፍ ለምክሩ ስም ሰጥቶ ጽፎታል። ምክርነቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሕግ አይደለም፤ ፊት ለፊት የሚያይ ሕፃን መሀል ላይ ቢቀመጥ ምንም አይጎድልበትም።

«ከተቆረጠ ጥራቱ ይወርዳል» ለሚሉ በቁጥር ልመልስ። 12 ሜጋፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ ወደ 4000 በ3000 ፒክስል ነው። በጥሩ ጥራት 10 በ15 ሳንቲሜትር ለማሳጠብ የሚያስፈልገው ወደ 1800 በ1200 ነው። ስለዚህ ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ብትቀንሱት፣ ማለትም የፎቶውን ሩብ ብቻ ብታስቀሩ፣ አሁንም ለአልበም ይበቃል። ጥራቱን የሚገድለው ሌላ ልማድ ነው፦ ፎቶውን ከፍቶ ስክሪንሾት አንስቶ እሱን መቁረጥ፣ ወይም በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣውን እንደገና መቁረጥ። ዋናውን በፋይል አስልኩና እሱን ከርክሙ። ፎቶውን ጎትቶ ቦታ ላይ ለማስገባት ሰውን የሚያሰፉና የሚያቀጥኑም አሉ፤ ይህን አታድርጉ፣ የሰው ፊት ላስቲክ አይደለም።

ፎቶ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። አንድ ቀን ፎቶ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንዲት እናት የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ ተቀብለው አዩና «ልጄ፣ የቆቧ ጫፍ የት ሄደ?» አሉት የሚያጥበውን ልጅ። ልጁ በትሕትና «እማማ፣ ወረቀቱ ነው የቆረጠው፣ እኔ አይደለሁም» አላቸው። እውነቱን ነው። ስልክ የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ3 በሆነ ምጥጥን ነው፤ 10 በ15 ወረቀት ግን 3 ለ2 ነው። አግድም የተነሳው ፎቶ ወረቀቱን እንዲሞላ ከቁመቱ አንድ ዘጠነኛው መውጣት አለበት፣ ማሽኑም ከላይና ከታች እኩል ይወስዳል። ከላይ ቆብ፣ ከታች ጫማ። ማሽኑ የማን ቆብ እንደሆነ አያውቅም፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት በክሮፑ ዝርዝር ውስጥ 3 ለ2 የሚለውን መርጣችሁ የሚወጣውን ራሳችሁ ወስኑ። ለጉርድ ፎቶ 3 በ4 ሲባል ግን የስልኩ ምጥጥን እንዳለ ይገጥማል።

ክሮፕ የማይችለውም አለ። ስልክ አፍንጫ ሥር ተጠግቶ ያነሳው ፊት አፍንጫው ገዝፎ ጆሮው ይሸሻል፤ ይህ የሚመጣው ከርቀቱ ስለሆነ ቢቆረጥ አይድንም። መድኃኒቱ ሲነሳ ሁለት ሦስት እርምጃ ማፈግፈግና በኋላ መከርከም ነው።

መቁረጥ አንድ ኃላፊነትም አለበት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ዩጋንዳዊቷ የአየር ንብረት ተሟጋች ቫኔሳ ናካቴ ዳቮስ ላይ ከግሬታ ቱንበርግና ከሌሎች ሦስት ወጣቶች ጋር ፎቶ ተነሳች። አሶሺዬትድ ፕሬስ ያሰራጨው ፎቶ ላይ ግን እሷ የለችም፤ ዳር ስለቆመች ተቆርጣለች። ከመሀከላቸው ጥቁሯ እሷ ብቻ ነበረች። ድርጅቱ ከጀርባዋ ያለው ሕንፃ ፎቶውን ስላበላሸው ነው ብሎ ነበር፤ በኋላ ሙሉውን አወጣ፣ መጸጸቱንም ገለጸ። ዳር የቆመ ሰው ከሕንፃ ጋር አብሮ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። የቤተሰብ ፎቶ ስትቆርጡም ዳር የቆመችውን የቤት ሠራተኛ፣ ጥግ የተቀመጡትን አያት አስቡ። የቡድን ፎቶ ላይ ሰው የሚያስወጣ ክሮፕ ከማድረጋችሁ በፊት ሙሉውን ለብቻው አስቀምጡት።

ምስጢር ለመደበቅ የምትቆርጡ ደግሞ ተቆርጦ የወጣው ሁልጊዜ እንደማይጠፋ ዕወቁ። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ክሮፕ የተደረገ ምስል የወጣውን ክፍል ይዞ ይቆያል፤ ፋይሉ የደረሰው ሰው መልሶ ሊገልጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በጉግል ፒክስል ስልኮች የተቆረጠ ስክሪንሾት ላይ የወጣው ክፍል በከፊል ተመልሶ ሊነበብ እንደሚችል ታውቆ መታረም ነበረበት። የባንክ ደረሰኝ ስትልኩ የሒሳብ ቁጥሩን ከርክማችሁ ካወጣችሁ፣ የተከረከመውን እንደገና ስክሪንሾት አንስታችሁ አዲሱን ላኩ። ስክሪንሾትን የማወድስበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

ስልኩ ሲሞላ ፎቶ መሰረዝ የማይቀር ነው። ስትሰርዙ ግን ደብዛዛውንና ዓይን የተጨፈነበትን አስቀድሙ። «ብዙ ነገር ገብቶበታል» ብላችሁ የምትጥሉትን ለመጨረሻ አቆዩትና አንድ ጊዜ ማዕዘኑን ጎትቱት። የገባው ነገር ሊወጣ ይችላል፤ የተሰረዘ ፎቶ ግን ተመልሶ አይነሳም።