የሙዝ ብር ለሲዲ?

የጫኖው ባለ ሙዝ ማሳ ሙዚቃ ይወዳል፤ ፍቅሩ ግን የዋዛ አይምሰላችሁ! በ2010 ዓ.ም. ሙዙ ሲሸጥ አርባ ምንጭ ሄዶ የሮፍናንን «ነፀብራቅ» ገዝቶ ከተፍ። ኤሌክትሮኒክሱ ከአገር ቤት ምት የተጋባበት ይሄ አልበም ለእሱ የዓመቱ አንደኛ ነው። ሚስትየዋ ደግሞ ልቧ የቤቲ ጂ «ወገግታ» ላይ ነበር። ግን ማን ጠየቃት? (ኅዳር 2011 አክራ ላይ፣ በአፍሪማ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አልበም የተባለው የእሷው ምርጫ ነው!) የልጆቹ ደብተር ሳይገዛ ሲዲ መግባቱ አንገሸገሻት፤ ጓዟን ሸክፋ እናቷ ቤት ገባች።

ወንድሜ፣ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ደብተሩን ግዛ። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ «ወገግታ»ን ያዝላቸው። ከእንግዲህ የሙዙን ብር አብራችሁ ቁጠሩ፤ የቤቱ ወጪ ይቅደም፣ የዘንድሮን አንደኛ አልበም ደግሞ እሷ ትምረጥ።